ለአባቴ የገዛሁት በሬ

ዩኒቨርሲቲ ስማር ምግቡም መኝታውም የመንግሥት ነበር። አባቴ ከጂንካ በሰው የሚልክልኝን የኪስ ገንዘብ ሲኒማ ሳልገባ፣ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ሁለት ዓመት አጠራቀምኩ። እኔ ከሄድኩ በኋላ አንድ በሬ መግዛቱን አስጽፎ ልኮልኝ ነበርና፣ ሁለተኛውን ገዝቼ ጥማድ ላሟላለት ቆረጥኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለክረምት ስመለስ ከመኪና እንደወረድኩ በቀጥታ ከብት ተራ ሄድኩ። የሰፈራችን ነጋዴ ጋሽ ከድር አንድ ቀይ በሬ ይዘው ቆመዋል።

«ቤት ደርሰሃል?» አሉኝ።

«ገና ነኝ፤ መጀመሪያ ለአባባ በሬ ልግዛ ብዬ ነው።»

ወደ በሬው ዞር አሉ። ዋጋውን ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። እስቲ ልሞክራቸው ብዬ ግማሹን ብጠራ፣ «ውሰደው» ብለው ገመዱን አስጨበጡኝ። ለአንድ ብር ግማሽ ቀን የሚከራከሩት ጋሽ ከድር! የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ሠራ ብዬ ፈነደቅሁ።

«በል ልጄ፣ የትም ሳትቆም ቤትህ ግባ» አሉኝ። ዓይኔን ግን አላዩም።

ሰፈራችን ስንደርስ በሬው ገመዱን ከእጄ መንጭቆ ራሱ ግቢያችን ገባ። እናቴ ከጓሮ ብቅ አለች፤ ከእኔ በፊት እሱን አየችና ጮኸች።

«ይሄ እኮ ለአባትህ ቀብር የሸጥነው በሬ ነው!»