ከሴቶች ክፍል መስኮት ስር

ሚስቴ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ወይ «አንተ» ነበርኩ፣ ወይ «ስማ እስቲ»። እግዜር ልጅ ስላልሰጠን «የእገሌ አባት» ማለቱም አልተቻለም።

እሷ የወለጋ ኦሮሞ ናት፣ የጉቴ አገር ልጅ። በእነሱ ዘንድ ያገባች ሴት የባሏንም የአማቿንም ስም በአፏ አታነሣም፤ «ለጉ» ይሉታል። የእኔ ወላጆች ከጎጃም የመጡ ናቸው። እናቴም አባቴን «እሳቸው» እንጂ በስማቸው ስትጠራ ሰምቼ ስለማላውቅ ነገሩ ሊደንቀኝ ባልተገባ ነበር። ግን የምሠራው ነቀምቴ ፖስታ ቤት ነበር። የጃንሆይ ምስል ያለበት ቴምብር ላይ ማኅተም ስመታ ቆይቼ በረንዳው ላይ እወጣና ደብዳቤ የደረሰውን ሰው ሁሉ በስሙ ከነአባቱ እጠራለሁ። የሰው ስም ሲጠራ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ «ስማ እስቲ» ሲባል ይናደዳል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ንዴት ቶሎ አይበርድልኝም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ተናደድኩ።

«አንዴ ብቻ ጥሪኝ፤ ምን ይቀርብሻል?» እላታለሁ።

«አንተን በስምህ የሚጠራህ ከተማው ሙሉ አይደለም እንዴ? እኔ ምን አስጨነቀኝ!» ትለኛለች።

ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ነቀርሳ መሆኑ ሲነገረን ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ከራሴ ጠፋ። የከተማው ሆስፒታል ፈረንጅ ሐኪም ኦፕራሲዮን አደረጋት። ቀጥሎም ከአገሩ ያስመጣውን መርፌ በየሰኞው ሊወጋት እዚያው አስተኛት። «እንሞክራለን» አለኝ። «ትድናለች» እንዲለኝ ዓይን ዓይኑን ባየው፣ «እንሞክራለን» ብሎ ደገመልኝ።

ሴቶቹ የተኙበት ክፍል ወንድ አይገባም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠያቂው ሁሉ ግቢው ውስጥ ከተወጠረ ገመድ ወዲህ ይቆማል። መቆም የቻለች በሽተኛ መስኮቱ ጋ መጥታ ሰውዋን በስሙ ትጠራለች፤ የተጠራው ብቻ ገመዱን አልፎ ምግቡን በመስኮት ያቀብላል። ሰዉ እንዳይጋፋ ብለው ያወጡት ደንብ ነው። ለኛ ግን መከራ ሆነብን።

የመጀመሪያው ቀን መጣችና «አንተ!» ብላ ተጣራች። አራት ወንዶች እኩል «አቤት» አልን። የሁላችንም ሚስቶች የሚጠሩን እንዲሁ ኖሯል ለካ። ዘበኛው ገመዱን ያዘ፤ «ያ ጎፍታ፣ ጌታው፣ ስሙ ያልተጠራ አያልፍም!» አለኝ። እሷ ቁልቁል አየችኝ። አሁንስ ስሜን ልትጠራ ነው ስል፣

«ያ ባርኔጣው ላይ የተቀመጠው!» አለች።

እውነት ነው፣ ጠዋት ተቀምጬበት ተጨፍልቋል። ግቢው በሙሉ ዞሮ ባርኔጣዬን አየ። ዘበኛው እየሳቀ ገመዱን ከፍ አደረገልኝ።

ከዚያ በኋላ ቀን በቀን ስም ይወጣልኝ ጀመር። ምግቧን የማበስለው እኔው ነበርኩ፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ አስታማሚዎች የሚያበስሉበት ማድ ቤት ነበር። ያን ጊዜ እንኳን ወጥ ልሠራ፣ እሳት ማቀጣጠልም አላውቅ። «ሽሮውን ያሳረረው!» ተባልኩ። «ጨው የረሳው!» ተባልኩ። አንድ ቀን አንጮቴ አማረኝ አለች፤ ወለጋ በየጓሮው የሚተክለው፣ ለታመመና ለወለደች ያበረታል የሚሉት ሥር ነው። ከገበያ ገዝቼ አጥቤ፣ ልጬ፣ ቀቀልኩት። አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ በኋላ ነው የሚላጠው፤ ይህን ወለጋ የተወለደ ሕፃን ያውቃል። በማግስቱ መስኮቱ ላይ ብቅ ብላ፣

«አንጮቴን እንደ ድንች ልጦ የቀቀለው!» ስትል የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከጎኗ የተኛች አሮጊት በኦፕራሲዮን የተሰፋ ሆዷን ደግፋ «ያ ወቃዮ፣ አምላኬ፣ ሊገድለኝ ነው ይህ ሰውዬ!» አለች።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ልዋሽ? ደስ ይለኝ ነበር። ሰኞ በመርፌው ስታስመልስ ታድራለች፣ ጠጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራለች፤ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን መስኮቷ ላይ ናት። እሷ ቀኑን ሙሉ ምን ብዬ ልጥራው ስትል ትውላለች፤ እኔ ፖስታ ቤት ሆኜ ዛሬ ምን ላበላሽ እላለሁ። ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ሁለት ዓይነት ካልሲ አደረግሁና ሱሪዬን ሰበሰብ አድርጌ ቆምኩላት። ዘበኛው ራሱ «ዛሬስ ማን ልትባል ነው?» እያለ ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ «አቶ» ጨምሮ። የእነዚያን ወራት ያህል ግን የተጠራሁ አይመስለኝም።

አንድ ምሽት ድስቱን ሳቀብላት ጣቶቿን ያዝኩና «ስሜንስ?» አልኳት።

«እሱን የምጠራው ሌላ የምልህ ሲያልቅብኝ ነው» አለችኝ። ተሳሳቅን።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ሐኪሙ መርፌውን አቆመ። «ሞክረናል» አለኝ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ እሷም የምታውቅ መሆኗን አልነገረችኝም። ሁለት ቀን መስኮቱ ላይ ሳትመጣ ቀረች። ምግቡን አንዲት ነርስ እየወጣች ወሰደችልኝ።

በሦስተኛው ቀን ኮቴን ገልብጬ ለበስኩ። የባርኔጣዬን የኋላ ወደ ፊት አዞርኩት። የጫማዬን ክር ፈታሁ። አንዱ ቢያመልጣት አንዱን ታየዋለች ብዬ ነው።

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈው አመጧት። ፊቷ አንሶ ሻሹ ሰፍቷታል። እኔ ደንቡ እንዳይፈርስ ከገመዱ ወዲህ ፈንጠር ብዬ ቆሜ፣ ኮቱ ከጀርባዬም እንዲታያት ዞርኩላት። ሴቶቹ ከወዲሁ ፈገግ ብለዋል። ዘበኛው ገመዱን ይዞ ይጠብቃል። እሷ ከባርኔጣዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

ከዚያም ስሜን ጠራች። ስሜን ብቻ አይደለም፣ የአባቴንም ጨምራ፣ ድምፅዋ የቻለውን ያህል ከፍ አድርጋ።

አሮጊቷ አፏን በእጇ ይዛ «ሰፉ!» አለች፤ ነውር ሲሰሙ የሚሉት ነው። ዘበኛው ሳይስቅ ገመዱን ከፍ አደረገልኝና «እለፍ፣ ተጠርተሃል» አለኝ።

አላለፍኩም። ድስቱን እንደያዝኩ ካለሁበት ሆኜ፣

«ሌላ በይኝ» አልኳት። «እባክሽ፣ ሌላ ነገር በይኝ።»