በጥርስ ሰበብ

ቡታጅራ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ለአምስት እየተባልን የምንሰበሰብበት፣ ባጃጅ ከተማውን የሞላበት ዘመን ነው። የምኖረው አንዲት የመስቃን ጉራጌ ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ገበያ ላይ በርበሬ ይነግዳሉ፤ ከበርበሬያቸው ይልቅ ድምፃቸው ያስነጥሳል ይባልላቸዋል። እማማ ነበር የምላቸው።

አንድ እሑድ የማውቀው ሰው፣ የሥራ ባልደረባዬ ወንድም፣ "ቤት ምሳ አለ፣ ሁሉም ይመጣል" ብሎ ጠራኝ። ስደርስ እሱ ብቻውን ነው ያለው። አይሆንም አልኩት። ሰምቶኛል፤ ግን አልተወኝም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ፍርድ ቤት የተናገርኩት ይበቃኛል።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ምን እንደሚያስፈልገኝ አሳምሬ አውቃለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ "የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያ" ብዬ ጽፌ፣ ከኋላ የሚስቁ ሁለት ልጆችን አስነስቼ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ያደረግኩ መምህር ነኝ። ችግሩ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰውዬ የአንደኛው ልጅ አባት ነው።

"ቲቸር፣ ምን ልስጥዎት?"

"የሳል ሽሮፕ" አልኩ።

"ደረቅ ሳል ነው ወይስ አክታ ያለው?"

"ሁለቱም።"

ሁለተኛው መድኃኒት ቤት ርዕሰ መምህራችን የግፊት መድኃኒታቸውን ሊገዙ ቆመው አገኘኋቸው። የወስፋት ኪኒን ገዝቼ ወጣሁ። ሦስተኛው ጋ ሻጩ የማላውቀው ወጣት ስለነበር ደስ ብሎኝ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ እምቢ አለኝ። ልጁ ሲያፈጥብኝ ጊዜ ፊት ለፊቴ ያገኘሁትን ዕቃ በጣቴ ጠቆምኩ። የሕፃን ፓውደር ነበር።

ፌስታሌን ታቅፌ ግቢ ስገባ እማማ ገበያ ሊወጡ ጆንያ እያሰሩ ነበር።

"ትምህርት ቤት አልሄድሽም?"

"አሞኝ ነው።"

ፌስታሉን ከእጄ ተቀብለው ዕቃውን አንድ በአንድ ካወጡ በኋላ ምን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ይሄ ሁሉ ያመመው አንድ ሰው ነው?" አሉ።

ያኔ የእሑዱን ነገርኳቸው። ቆሜ ጀምሬ ስጨርስ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እማማ የግቢውን በር ዘጉ።

"ማን ነው?" አሉ። ስሙን ስነግራቸው ወደ በሩ ተመልሰው እጃቸውን መወርወሪያው ላይ አደረጉ። እዚያው ቆመው ቆዩና ወደ እኔ መጡ።

"እሱ ይቆይ። መጀመሪያ አንቺ። ምንድን ነው የሚደረገው?"

ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሆኜ አስረዳኋቸው። እርግዝናን የሚከላከል ኪኒን አለ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከልም አለ፤ ሦስት ቀን ሳያልፍ መጀመር አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል።

"ታዲያ ምን ያስቀምጠናል?" ብለው ሻርፓቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማለትም እንደ ሌላው ሰው አድርገው፣ "ማንም ቢጠይቅ ጥርሷን ነው እንላለን። እኔ ምስጢር እችላለሁ" አሉኝ።

ባጃጁ ገና ሳይቆም "ሆስፒታል ውሰደን፣ ጥርሷን ነው" አሉት። ሾፌሩ ምንም አልጠየቀም ነበር። ጥጉ ላይ ለቆሙት ሰዎችም ነገሯቸው። ገበያው ጋ መንገድ ሲዘጋብን ደግሞ አንገታቸውን አውጥተው ለበርበሬ ነጋዴዎቹ በሙሉ ነገሩ። አንዷ ቅርንፉድ አምጥታ አፌ ውስጥ ካልከተትኩ አለች። አንድ ሽማግሌ "ይነቀል፤ ጥርስን መለመን አያስፈልግም" አሉ። ሌላዋ፣ በጉጠት የሚነቅል ዘመድ ያላት፣ ባጃጁ ላይ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የትኛው ነው? ክፈቺ እስቲ።"

እማማን አየኋቸው። ይሄኛውን አላሰቡበትም ነበር። "ሁሉም ናቸው" አሉ።

ሴትዮዋ በድንጋጤ ወረደች። እኔን ሳቅ ያዘኝ። ከእሑድ ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። እማማ ክንዴን ይዘው ሾፌሩን "ንዳ፤ ባሰባት" አሉት።

ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ ምን እንደሚያመኝ ሲጠይቅ አሁንም እኔን ቀድመው "ጥርሷን" አሉ። ካርዴ ላይ ተጻፈ፤ ወረፋው ወደ ጥርስ ክፍል ሆነ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ "እማማ፣ እዚህ እኮ እውነቱን ነው መናገር ያለብን" አልኳቸው። ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች አዩ። "በእነዚህ ፊት?" አሉኝ።

ተራዬ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ አፌን ከፈትኩ። ባለሙያው ጎልማሳ ነው፤ በመስታወቱ ዞር ዞር አድርጎ አየና "ጥርስሽ እኮ ጤነኛ ነው" አለኝ።

"ጥርሴን አይደለም ያመመኝ።"

መስታወቱን አስቀመጠ። ፊቴን አየ፤ በሩ ላይ የቆሙትን እማማንም አየ። ጓንቱን አውልቆ ራሱ በጓሮ በር ይዞን ሄደና አንዲት ነርስ ጠርቶ "እህቴ፣ ይቺን ልጅ አንቺ ተቀበያት" ብሏት ወደ ጉንጮቹ ተመለሰ።

ነርሷ በሩን ዘግታ ወንበር ሰጠችኝ። ከመንካቷ በፊት ሁልጊዜ "ልንካሽ?" ትላለች። መርምራኝ፣ የሚጻፈውን ጽፋ፣ ኪኒኑን በውኃ ሰጠችኝ። የኤች አይ ቪውን መከላከያ ለሃያ ስምንት ቀን እንድወስድ ነገረችኝ። ፖሊስ ጋ መሄድ ከፈለግኩ ወረቀቱ ዝግጁ እንደሆነ፣ ዛሬ ባልወስንም ሕክምናዬ እንደማይቀር አስረዳችኝ። "ጥፋቱ የሱ ነው" አለችኝ። ይህን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ትከሻዬ ወረደ።

ከዚያ አንድ ስሕተት ሠራች። እማማ እየሰሙ "ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ተመልሰሽ መጥተሽ ድጋሚ ትወስጃለሽ" አለችኝ።

እማማ በባጃጅ መመለስን ከለከሉ፤ ይንጣትና ያስመልሳታል ብለው። በእግር፣ ያውም እንቁላል እንደተሸከመ ሰው፣ ቤት ደረስን። ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀምጠው አፌን ይጠብቁ ጀመር። ሳል ቢጤ ሲመጣብኝ "ዋጪው" ይላሉ። ጎረቤት ልትጠይቀኝ ስትመጣ "እንዳታስቂያት" ብለው ከበር መለሷት። ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ተነሱና፣ ቁርሳቸውን እንዳልበሉ ትዝ ብሏቸው እዚያው በሉ።

ሐሙስ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ፖሊሱ እማማን "ምኗ ነዎት?" አላቸው።

"እናቷ።"

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ፤ የሳቸውን ሻርፕ አየ። "እንዴት ብዬ ልጻፈው?"

"የተማርከው አንተ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ።"

ጻፈው።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከከሰስኩት ሰውዬ አጎት ጋር መጡ። እማማ አስገብተው አስቀመጧቸው። ልጁ ተሳስቷል፣ ይጋቡና ነገሩ በሰላም ይለቅ አሉ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። እማማ እስኪጨርሱ ሰሟቸው።

"አንድ ሰው በሬያችሁን ቢሰርቅ" አሉ፣ "ሽማግሌ ልካችሁ በሬውን ትመርቁለታላችሁ?"

አንደኛው ሽማግሌ ሳያስበው "የለም" አለ። አጎትየው ጎሸመው። እማማ ግን መልሱን ተቀብለው በሩን ከፍተውላቸዋል።

ክሱ ከዓመት በላይ ወሰደ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ልተወው ብዬ ነበር። በመጨረሻ ተፈረደበት። እርግዝናም በሽታም አልያዘኝም። የተዘጋ በር ያለበት ክፍል ውስጥ ከወንድ ጋር መቀመጥ ግን ረጅም ጊዜ አቅቶኝ ነበር፤ የስታፍ ስብሰባ ላይ እንኳ በር አጠገብ ነበር የምቀመጠው።

ወደ ወልቂጤ፣ ወላጆቼ ከተማ፣ ስዛወር ነው ለእናቴ የነገርኳት። እስከዚያ ያልነገርኳት እንዳታዝን ብዬ ነበር። ሰማችኝ፤ አለቀሰች፤ ከዚያ የእማማ ቤት የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። በሳምንቱ ቅቤና ቆጮ አስራ አውቶቡስ ተሳፈረች። የእናቴ ጉራጊኛና የእማማ ጉራጊኛ በግማሽ ነው የሚግባቡት፤ አማርኛውን ደግሞ ሁለቱም አይወዱትም። ለአንድ ቀን የሄደችው ሴት ሦስት ቀን ቆየች። ምን እንዳወሩ ብጠይቃት "ስላንቺ አይደለም" አለችኝ።