በእጥፍ ያደገው የትርፍ ድርሻ

ጡረተኛው የሲሚንቶ መኪና ሾፌር፣ ጥሪቱን ሁሉ አውጥቶ አክሲዮን የገዛበት ፋብሪካ የትርፍ ድርሻውን በእጥፍ ማሳደጉን ሲሰማ ከደስታ ይልቅ ጥርጣሬ ሰቅዞ ያዘው። በፋብሪካው ደጃፍ ይሰለፉ የነበሩት የጭነት መኪኖች ከወራት ወዲህ ጠፍተዋልና።

«አንተ ደግሞ የገዛ ጥላህንም ትጠረጥራለህ! በድርሻችን ሌላ አክሲዮን እንግዛበት እንጂ» አለችው ባለቤቱ፣ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ አዳራሽ የግዢ ቅጹን ለመፈረም ብዕሯን ይዛ።

እርሱ ግን እጁን አወጣ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ገንዘብ ሲሚንቶ ተሽጦ የተገኘ ነው ወይስ አዳዲስ ባለአክሲዮኖች ያመጡት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ግን አልሳቁም፤ ውኃ ተጎነጩና «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ።

ሚስቲቱ ብዕሯን ከደነች። «በል ተነስ» አለችው በሹክሹክታ፤ «ድርሻችንን በጥሬ ገንዘብ ተቀብለን፣ አክሲዮኑንም ገዢ ሳይሸሽ እንሽጠው።»