ሦስተኛውን ማርሽ የያዘ እጅ

ልጄ መኪናውን ሦስተኛ ማርሽ ባስገባ ቁጥር ግራ እጄ ሳላዘው ከጭኔ ላይ ይነሳል። ከማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ሊያርፍ ሲል እኔው እመልሰዋለሁ። ልጄ ይስቅብኛል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም፣ የሞቀው የወንበር ቆዳና የቤንዚኑ ሽታ ከባሕሩ ጨው ጋር ሲደባለቅብኝ፣ እጄ እንደ ልማዱ ተነሳ። «እማዬ፣ ልትነጂልኝ ነው እንዴ?» አለኝ። እሱ ገና ጭኔ ላይ ተቀምጦ ጣቱን በሚጠባበት ዘመን ይሄ እጅ የመኪና ሥራ ይሠራ እንደነበር አያውቅም። ነግሬው አላውቅም። እናንተ ግን ስሙኝ።

ባሌ ባቡር ላይ ሠራተኛ ነበር። ይሄን ልጅ አርግዤ ሳለሁ እሱን ወባ ወሰደብኝ። እኔም አገሬ ከመመለስ እዚሁ ጅቡቲ ቀርቼ፣ ሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ካለ የአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነጋዴ ቤት ገባሁ። ሙሴ ነበር የምንለው። በዚያ ግቢ ውስጥ ማተብ ያሰርን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና ሹፌሩ። ሹፌሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የሚያድረው የሙሴ መኪና አጠገብ ነው፤ ልብሱም ሁልጊዜ ዘይት ዘይት ይሸታል።

ልጄ አርባ ቀን ሊሞላው ሲል ከድሬዳዋ በባቡር ቄስ መጡልን። የክርስትና አባት ግን አልነበረኝም። የባሌ ወዳጆች ለሥራ ወደ ባቡሩ መስመር ወጥተዋል፤ የቀሩትን አላውቃቸውም። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ ሹፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ምን ሆነሽ?»

«ሰው የለኝም» አልኩት።

«እኔ አለሁ።»

ታጥቦ፣ ነጠላ ተውሶ ለብሶ፣ ልጄን ታቅፎ ክርስትና አስነሳልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አበልጄ ሆነ። አበልጅ ከሥጋ ወንድም ይበልጣል ይላሉ የኛ ሰዎች። አበልጅ አበልጁን አያገባም፤ ያገባ ቁርባን የለውም፣ ሲሞትም የሚፈታው ቄስ አያገኝም። ይሄ ያን ጊዜ በእኔም በእሱም ሐሳብ አልመጣም። እኔ ጥቁር የለበስኩ ሐዘንተኛ ነበርኩ፤ እሱም ለአንዲት ብቸኛ ሴት ያዘነ ሰው ነበር። ደግ ሥራ በር ይዘጋል ብሎ ማን ያስባል?

መኪናዋ ሙሴ በጉብዝናው ዘመን በአገሩ የተሽቀዳደመባት ናት አሉ። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ጣሪያ የላትም፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሰማያዊ ቀለሟን የባሕር ጨው የበላው። እኔ ስደርስ ሙሴ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ከሰገነቱ አይወርድም ነበር። ስለዚህ ያቺ ስንት ውድድር ያየች መኪና ጠዋት ጠዋት በረዶና ዓሣ ታመላልስ ጀመር። በረዶውን ሹፌሩ ያመጣል፤ ዓሣውን ግን እኔ ካልመረጥኩለት ሙሴ አይበላም። እኔ ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

ከዚያ ማርሹ መዝለል ጀመረ። ያኔ እንኳ ማርሽ አንልም፤ እንደ ፈረንጆቹ «ቪቴስ» ነበር የምንለው። የዘንጉ የታችኛው ጫፍ ከአገልግሎት ብዛት ተበልቷል፤ የሚገፋው ጥቅልል ሽቦ፣ ሞላውም፣ ደክሟል። ሦስተኛ ሲገባ ትንሽ ይቆይና «ቋ» ብሎ ወደ መሐል ይመለሳል። ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል፤ መኪናዋም አሸዋው ላይ ትለግማለች። መሪው ከባድ ስለሆነ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ፍየሉና የሰፈሩ ሕፃን ደግሞ ከየጎኑ መንገዱ ውስጥ ይገባል።

«አበልጄ፣ እስቲ ያዢልኝ» አለኝ አንድ ቀን።

ያዝኩለት። እሱ ሦስተኛ ያስገባል፤ እጁን ከማንሳቱ በፊት የኔ እጅ ቀድሞ ከሥር መግባት አለበት፤ አለዚያ ይዘላል። ስለዚህ ለአፍታ እጁ በእጄ ላይ ይሆናል። «ያዝሽ?» ይለኛል። «ያዝኩ» እለዋለሁ። ከዚያ እጁን ወደ መሪው ይወስዳል። የዘንጉ መንቀጥቀጥ እስከ ክርኔ ይሰማኛል፤ የእንጨት እጀታው ከሱ መዳፍ ሙቀት ወስዶ ይጠብቀኛል። በቀኝ እጄ ልጄን እይዛለሁ፤ በግራዬ ማርሹን። ያ ነበር ሥራዬ።

ወራት ሲሄዱ ያቺ አፍታ ረዘመች። ማን እንዳስረዘማት አላውቅም። እሱም «አበልጄ» ማለቱን ተወ፤ ምንም ብሎ አይጠራኝም፣ «ያዝሽ?» ብቻ። እኔም መንገድ ላይ «አንተ» ማለት ለመድኩ፤ የግቢው በር ሲደርስ «እርስዎ» እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሁለታችንም የምንይዘው ማርሽ ብቻ እንደሆነ አድርገን ዝም አልን። ወደድኩት። ሌላ ስም ላወጣለት ብዙ ደክሜ ነበር፤ አልተገኘለትም።

አንድ ጠዋት ራስ ዲካ ዳርቻ ላይ የዓሣ ጀልባዎቹን እየጠበቅን ነበር። ብርሃኑ ገና አልከረረም፤ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ተኝቷል። ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ኤደን ከተማ የሚሄደው መርከብ ጡሩንባውን ነፋ። ሹፌሩ ዓይኑን ከመርከቡ ላይ ሳያነሳ፦

«ኤደን ማንም አያውቀንም» አለ።

እሺ ለማለት አፌን ልከፍት ስል፣ ልጄ ጭኔ ላይ ሆኖ የሹፌሩን አውራ ጣት ጨብጦ አየሁት። አንገቱ ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ በክርስትናው ቀን ያሰረለት ሹፌሩ ነው።

«ይሄ ያውቀናል» አልኩት።

ስንመለስ ግን እጁን ከእጄ ላይ አላነሳውም። ያን ሁሉ መንገድ ያን ከባድ መሪ በአንድ እጁ እየታገለ ቤት ደረስን።

ሁዳዴ ሲጋመስ ቄሱ ንስሐ ሊያናዝዙን መጡ። ሹፌሩ ገብቶ ብዙ ቆየ። ምን እንዳላቸው፣ ምን እንዳሉት አላውቅም። ሲወጣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቆመ። ከዚያ ልጄን ስሞ፣ እኔን ሳያየኝ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ሙሴ ምሳውን በልቶ ሲተኛ፣ የመኪናዋን ወለል እንጨት ሲነቅል አገኘሁት።

«ቪቴሱን ልሠራው ነው።»

«እስከ ዛሬ በእጅ ሄዷል። ምን ጎደለው?»

«አይዘልቅም» አለኝ፣ ከብሎኑ ላይ ቀና ሳይል።

ገባኝ። ማድ ቤት ገብቼ የታጠበ ድስት እንደገና አጠብኩ።

ዘንጉን ነቅሎ አሳየኝ። ድቡልቡሉ ጫፍ በአንድ በኩል እንዳለቀ ሳሙና ሾልኳል። ባቡር ጋራዥ ያሉት የአገራችን ሰዎች የጎደለውን በናስ ሞልተው በየዱለት። ከዚያ የግንቡ ጥላ ሥር ብረት ጨምቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስሮ ይሞርደው ገባ። ሞርዶ ቦታው ላይ ይሞክረዋል፤ እምቢ ሲለው አውጥቶ እንደገና ይሞርዳል። የናሱ ብናኝ ጉልበቱን ወርቅ አለበሰው፤ ልጄ በጣቱ እየነካ ጉንጩ ላይ ይቀባል። ሞረዱ በሄደ በመጣ ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ጠራኝ።

«ብቻዬን አልሆነልኝም። ነይ ቀጥ አድርገሽ ያዢልኝ።»

ልብስ አጥባለሁ ብዬ መቅረት እችል ነበር። ሄጄ ያዝኩለት።

ልንሞክረው ወጣን። አንዲት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ «ቋ» ብሎ ዘለለ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ፊቴ ላይ ወጥቶ ኖሮ አየው። መኪናዋን አቆመና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል። ይሄን ሥራ ከኔ የበለጠ የሚጠላው እሱ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት። «ሞላው ነው» አለ ቀስ ብሎ፤ «ደከመ። ጠንካራ ሞላ ከየት ይገኛል?»

የት እንዳለ አውቅ ነበር። ማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሙሴ የተሰበረ የሶዳ ውሃ ጠርሙስ አለ፤ አናቱ ውስጥ አጭር፣ ጠንካራ ሞላ አለው። ዝም ብል ማንም አያገኘውም። ነገር ግን ያ ሰው ዳግመኛ ፊቱን በእጁ ሲሸፍን ማየት አልቻልኩም። በማግስቱ ጠዋት ሞላውን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ብዙ ሲያየው ቆይቶ ከአሮጌው ሞላ ውስጥ ከተተው።

እንደገና ወጣን። አደባባዩን አልፈን ሦስተኛ አስገባ። እጄ እንደ ልማዱ ከሥር ገብቶ ያዘ።

«ልቀቂው» አለኝ።

አልለቀቅኩም። የለቀቅኩ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

«ልቀቂው፣ አበልጄ።»

ያን ስም ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ለቀቅኩት። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሸዋውን አለፍን፣ የባቡሩን ሐዲድ እየተንገጫገጭን ተሻገርን፤ አልዘለለም። ያቺ መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ልጄ ለምዶት ኖሮ በአፉ «ቋ» አለ። ሁለታችንም አልሳቅንም። የግቢው በር ላይ ስወርድ «እጅዎን ይባርከው» አልኩት። «አሜን» አለ።

ከዚያ በኋላ ዓሣውን ብቻውን ያመጣ ነበር። ሙሴ «ይሄ ዓሣ እንደ ድሮው አይደለም» እያለ ሲነጫነጭ ከረመ። አገራችን ላይ ጦርነት ሲመጣ ሹፌሩ ከሌሎቹ ዘማቾች ጋር በባቡር ወደ ላይ ወጣ። ጣቢያው ላይ ለልጄ አዲስ ማተብ አሰረለት፤ ለኔም «ልጃችንን አደራ» አለኝ። የክርስትና አባት እንዲህ ቢል ማንም አይፈርድበትም። የጭነት መኪና ሲነዳ አየነው ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ ያየው የለም። ልጄ ፊቱን አያስታውስም።

እኔ ግን ሳስበው ባቡሩ አይደለም የሚመጣብኝ። ማርሹ ከተሠራ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሰገነት ላይ አንሶላ ሳሰጣ፣ መኪናዋ በአደባባዩ በኩል መጣች። ጣሪያ ስለሌላት ከላይ ሆኜ ውስጧ ይታየኛል። በረዶው ከኋላ እየተንጠባጠበ ነው፤ የኔ ወንበር ባዶ ነው። ግራ እጁ ብቻውን ከመሪው ጋር ይታገላል። ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ነው፤ ከሥሩ ሌላ እጅ ያለ ይመስል ቀስ ብሎ አርፎበታል። ያን መንገድ ሁሉ እንደዚያው ይዞት መጣ። ማርሹ መያዝ አያስፈልገውም ነበር። እኔው ራሴ ነኝ የሞከርኩት፤ አይዘልም ነበር።