የቆረጥኳት ዓረፍተ ነገር

ንጋቷ ስለምትባል የሥራ ባልደረባዬ ላውራ ካልኩ ራሴን ሳላጋልጥ የማልፍበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ከነጉዴ ስሙኝ። ዘርአ ዳዊት እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። የስንቱን ተማሪ ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ እንደቆራረጥኩ ቤቱ ይቁጠረው። ጡረታ ወጥቼም እጄ አላረፈ። ስለ ሰሜን ሸዋ የእግር መንገዶች ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ቢሮ ጽሑፍ አራሚ አድርጎ ቀጠረኝ።

ንጋቷን ያገኘኋት እዚያ ነው። ሥራዋ ገጹ ላይ ያለውን ፎቶ ሁሉ በጽሑፍ መግለጽ ነው። ዓይነ ስውር ሰው ገጹን ሲከፍት ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ፎቶው ጋ ሲደርስ የእሷን መግለጫ ይሰማል። ታዲያ እሷ አንዴ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም፤ ለአንድ ፎቶ ሙሉ ገጽ የምትሞላበት ጊዜ አለ። እኔ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ያንገሸግሸኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ፎቶ እየገለጽሽ ነው ወይስ ዳዊት እየደገምሽ?» እላታለሁ።

«ጋሼ፣ እናቴን ስለማያውቋት ነው» ትለኛለች፤ ሌላ መልስ የላትም።

እናቷ እነዋሪ ከተማ ይኖሩ ነበር። ንጋቷ የሰባት ዓመት ልጅ እያለች ትራኮማ ዓይናቸውን አጠፋው። በገበያ ቀን እጃቸውን ይዛ እየመራች ያየችውን ሁሉ ትነግራቸው ነበር፤ የማን አህያ ምን እንደተጫነች፣ የዘንድሮው ገብስ ምን እንደሚመስል፣ ማን ከማን ተኮራርፎ እንደቆመ። ጨረስኩ ስትል እናትየው «ምን ቀረሽ?» ይሏታል። ሁልጊዜም የሆነ ነገር ቀርቶ ይገኛል። አንድ ቀን ሳትናገር የቀረችው ጉድጓድ ነበር። እናትየው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ገበያ አልወጡም። ይህን የነገረችኝ አንዴ ብቻ ነው። ሰምቼ አዘንኩ። በማግስቱ ግን ያው ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

በየካቲት መጨረሻ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን የእግር መንገድ ፎቶ ገልጻ አመጣችልኝ። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ክፉኛ ይጠባል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ቋጥኝ ነው። የሣሩን መልክ፣ የደመናውን፣ ከቋጥኙ ሥር ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ሳይቀር ጽፋዋለች። ወይ ጉድ! የውሃዋን ነገር ልሰርዝ ስል ሻይ መጣና ረሳሁት። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «ፎቶው የተነሳው ከታች ወደ ላይ ስለሆነ፣ ለሚወርድ ሰው ገደሉ በቀኝ ይሆናል።» ፎቶ አንሺው የትም ይቁም፣ ለማን ይጠቅማል ብዬ ቆረጥኳት። ለንጋቷ አልነገርኳትም። ስለ አቅጣጫው ገጹ ላይ የቀረው «በግራ ገደል፣ በቀኝ ቋጥኝ» የሚለው ብቻ ሆነ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የቢሮው ስልክ ጮኸ። አነሳሁት፤ ደስ የሚል የወንድ ድምፅ ነው።

«ዓብዱራህማን እባላለሁ፤ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ዓይነ ስውር ነኝ። የአልዩ አምባን መንገድ የጻፈውን ሰው ላመሰግን ነው የደወልኩት። ትውልዴ እዚያው አልዩ አምባ ነው፤ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እየጎተተኝ ነው የወረድኩት። ዛሬ ብቻዬን ልወርድ አንኮበር መጥቻለሁ። ጽሑፉን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ቋጥኝ። ቀኜን አልለቅም። ዙሁር ሰግጄ እነሳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ቆይ! ቆይ!» ስል መስመሩ ተቋረጠ።

ያቺ የቆረጥኳት ዓረፍተ ነገር ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። መልሼ ደወልኩ፤ አይሠራም። አሁንም ደወልኩ፤ አይሠራም። አንኮበር የማውቀው ሰው ፍቅረ ማርያም ብቻ ነው። ለሱ ብደውል ለካ ደብረ ብርሃን ገበያ መጥቷል! «አሁን ነው የምትመጣው?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ምን አጠፋ ምስኪኑ። እሱ በሰጠኝ ቁጥር ሌላም ሰው ሞከርኩ፤ ወደ አንኮበር ኔትወርክ የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ለንጋቷ «አንድ ዓይነ ስውር በዚያ መንገድ ሊወርድ ነው» ብቻ ነው ያልኳት። ፎጣዋን እንኳ ሳትደርብ ወጣች። ኮንትራት ሚኒባስ ያዝን። መኪናው ውስጥ ስልኳን ከፍታ ገጹን ታነብ ጀመር። ጣቷ ወደ ታች ወረደ፤ ወደ ላይ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ።

«ጋሼ፣ ጽፌው ነበር እኮ። ለሚወርድ ሰው ገደሉ በቀኝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። የት ሄደ?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ መዋሸት አማረኝ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኳት።

ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ይወድቃል» አለች። «ጋሼ፣ ሰውዬው ይወድቃል።» እኔ ኪዳነ ምሕረትን እየለመንኩ፣ በየመሐሉ ሾፌሩን «ንዳው እንጂ!» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «አባቴ፣ ጉሙን አያዩትም እንዴ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የበልጉ ጉም ከቆላው ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖታል።

ደርሰን የመንገዱ መነሻ ላይ ሻይ የምትሸጥ ኩብራ የምትባል ሴት ጠየቅን። «እኔ ነኝ የሸኘሁት፤ ከወረደ ቆየ። ልያዝህ ብለው ወላሂ እምቢ አለኝ!» አለችን።

ቁልቁል ሮጥን። የእኔ ሩጫ ምን ሩጫ ነው። ሦስት እርምጃ ወደፊት አይታይም። ንጋቷ «ዓብዱራህማን!» ብላ ትጮኻለች፤ ገደሉ ድምፅዋን ይመልስላታል፤ ሌላ መልስ የለም። መንገዱ እየጠበበ ሄደ። ከዚያ መሬት ላይ አንድ ነጭ በትር ወድቆ አየሁ። ሰው የለም። በቃ፣ ሰው ገደልኩ አልኩ። እዚያው ቁጭ አልኩና እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

«ማነው? እንዳትነኩኝ!» አለ አንድ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

ከበትሩ ሦስት እርምጃ አልፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በሁለት እጁ ሣር ጨብጧል። ከቀኝ ጉልበቱ እስከ ገደሉ አንድ ክንድ አይሞላም። ንጋቷ ቀስ ብላ ሄዳ በብብቱ ይዛ ወደ ቋጥኙ ሳበችው። ጀርባው ድንጋዩን ሲነካ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኛም አለቀስን።

ትንፋሹ ሲመለስለት እንዲህ አለን፦ «ቀኜን ይዤ ስወርድ በግራዬ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። ጽሑፉ ውሃው ከቋጥኙ ሥር ነው ይላል፤ ቋጥኙ ደግሞ በቀኝ ነው ይላል። አንዱ ውሸት ነው አልኩ። በትሬን ወደ ቀኝ ብሰድ መሬት የለም። ደንግጬ ስመልሰው ከእጄ አምልጦ ወደ ኋላዬ ተወረወረ። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀስኩም። ያችን የውሃ ነገር የጻፈ ሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ንጋቷ። «የግራ ቀኙም ስህተት የእኔ...»

«ዝም በይ!» አልኳት። «አልተሳሳተችም። በትክክል ጽፋው ነበር፤ ረዘመ ብዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ውሃዋንም ልቆርጣት ነበር፤ ሻይ መጥቶ ነው የተረፈችው።»

በእጁ እርጥቡን ቋጥኝ ዳሰሰ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።

«ይቅር ልበልዎት አልበልዎት ገና አላውቅም» አለኝ በመጨረሻ። «አሁን የምፈልገው ትከሻዎን ነው።»

«ወደ ላይ እንመለስ?» አለችው ንጋቷ።

«ወደ ታች ነው እንጂ። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ንጋቷ ከኋላ ሆነች። እኔ ጀመርኩ። «ልጄ፣ ገደሉ በቀኝህ ነው። ቋጥኙ በግራህ ነው፤ እርጥብ ነው፣ እጅህን አስደግፍ። ፊት ለፊት ሁለት ልቅ ድንጋዮች አሉ። ከድንጋዮቹ ወዲያ ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ የበቅሎ ኮቴ አለ...» በሕይወቴ እንዲህ አውርቼ አላውቅም። አፌን ከዘጋሁ የሚሞት እየመሰለኝ፣ ሣሩንም ጉሙንም ሳይቀር ነገርኩት።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቆምኩና ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ንጋቷ፣ ምን ቀረኝ?»

«ከእግርዎ ፊት መንገዱ ተንዷል፣ ጋሼ» አለችኝ። «ይህን አልነገሩትም።»