የእትዬ ሽታዬ አስተናግር

እትዬ ሽታዬ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ የሰው ግቢ እያረሙ የሚያድሩ ሴት ናቸው። የሰውን አረም ለዘር አይተዉም፤ በራሳቸው ደጃፍ ግን አስተናግር የሚባለውን ያንን መርዘኛ አበባ ይንከባከባሉ።

በ1994 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከጋሽ ጉልላት ጋር ተጣልተው «አፍህ ይዘጋ!» አሏቸው። በማግስቱ ጋሽ ጉልላት ሽባ ሆኑ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ሞቱ። ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ሥር ይህ አስተናግር በቀለ።

«ፍየል እንኳ የማይበላው ምን ያደርግልዎታል? ይንቀሉት!» ብዬ እኔ ጎረቤታቸው ተቆጣሁ።

«በከንቱ አስተናግር አልተባለም፤ የቀመሰውን ሁሉ ያስለፈልፋል» አሉኝ።

ትናንት አመሻሽ ላይ በዚያ ሳልፍ ነጩ አበባ አፉን ከፍቷል። እትዬ ሽታዬ ወደ አበባው ጎንበስ ብለው፣ «ስድብም ይሁን፣ ጉልላቴ፤ ብቻ ተናገር» ይሉታል።