ሰው መንገድ ላይ እያለ የማይጠረግ ቤት

«አንቺ የምታለቅሺው ለሻይ ቤቴ አይደለም። ለመቀመጫሽ ነው።»

እንዲህ ያሉኝ ባለ ሻይ ቤቷ እትዬ ናቸው። ብርጭቆ እያለቀለቁ ነበር፤ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የተናገሩት። እኔ ደግሞ አላለቀስኩም። አፍንጫዬ ቀልቶ ከሆነ የደብረ ማርቆስ ብርድ ነው። ግን የቤቱ ግንባር ላይ የተቀባውን ቀይ ምልክት ያየሁት ያን ጠዋት ስለነበር ብርድ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቀይ የተቀባ ቤት ይፈርሳል፤ መንገዱ ሊሰፋ ነው።

ሻይ ቤቱ ከአሮጌው መናኸሪያ በር ፊት ለፊት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ። ውስጡ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ጥቂት በርጩማ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። የአግዳሚው ጫፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው፣ የእኔ ነበር። ስሜ አልተጻፈበትም። ግን ሌላ ሰው ተቀምጦበት ከገባሁ እትዬ ብርጭቆ በማንኪያ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ሰውየውም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጠጋ ይላል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ካልመጣልኝ ወዲህ ግማሽ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የቀረውን ግማሽ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ቤት ስሆን እናቴ «ታዲያ ምን አሰብሽ?» ትለኛለች። ጎረቤት «አሁንም እዚሁ ነሽ?» ይላል። እትዬ ቤት ግን የሚገባው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ሰው ስለሆነ እኔም ከመሃላቸው ስቀመጥ የምሄድ እመስል ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቁይ የሚመጣ ገበሬ ዶሮውን ከብብቱ ሳያወርድ ሻይ ይጠጣል። የሉማሜ ነጋዴ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ረስቶት ይሄድና ከመንገድ በሰው ስልክ ይደውላል። ከደብረ ወርቅ የሚመጡ ዲያቆናት አንድ ሻይ ለሁለት ይዘው፣ ስለ መምህራቸው ቁጣ እየተሳሳቁ፣ ረፋዱን እዚያው ያሳልፋሉ። እትዬ ማንንም ተነሱ አይሉም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ሰው የሚያማቸው። ቤቱ አይጠረግም።

በእኛ አገር ሰው መንገድ ከወጣ በኋላ ቤቱ ወዲያው አይጠረግም። እግሩን ከቤቱ ጠርጎ ማውጣት ነው ይባላል። እንኳን ሽማግሌው፣ እናቴም እኔ ለፈተና ስሄድ መጥረጊያውን ከአልጋ ሥር ደብቃዋለች። ለመኖሪያ ቤት ችግር የለውም፤ ሰው የሚሄደው አልፎ አልፎ ነው። መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ለሚያፈላ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ መንገደኛ ነው። እትዬ ጎህ ሲቀድ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይነሳ በፊት ይጠርጋሉ። ከዚያ በኋላ የዳቦ ፍርፋሪው፣ የሻይ ቅጠሉ፣ ጭቃው፣ የተቀዳደደው ቲኬት ሁሉ እስከ ማታ እዚያው ነው። ማታም ቢሆን የመጨረሻው መኪና ገባ ሳይባል መጥረጊያ አይነኩም።

የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ይቆምና ይጮሃል፦

«ግቡ ግቡ! በእትዬ ቤት መንገደኛው አባይን ሳይሻገር ቆሻሻ ከበር አይወጣም!»

«አንተ ተሻግረህ በቀረህ!» ይሉታል።

«እኔማ እሄድ ነበር፤ ቤቱ ሳይጠረግ ይቀራል ብዬ ነው።»

አንድ ቀን የጤና ተቆጣጣሪ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ። ወለሉን አየና «ለምን አልተጠረገም?» አላቸው።

«ሰው መንገድ ላይ ነው።»

«የትኛው ሰው?»

«እኔ ምን አውቄ። ሻይ ጠጥቶ የሄደ ሰው ነዋ።»

ልጁ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ፤ ትንሽ ይዞት ቆየ፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። እናቱ ትዝ ያሉት ይመስለኛል።

መናኸሪያው ወደ ከተማው ጫፍ ሲዛወር መጀመሪያ የጠፋው ጫማ ጠጋኙ ነው። ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ መጽሐፍ የሚያከራየው ሰውዬ። እኔ ልቦለድ ያነበብኩት ሁሉ ከእሱ ነው፤ የመጨረሻ ገጻቸው የተገነጠለውንም ጨምሮ። «መጨረሻውን አንቺ ጨርሺው» ይለኝ ነበር፣ ያለ ምንም እፍረት። አንድ ቀን ሄጄ በሩን ባንኳኳ ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ቻው እንኳ አላለኝም። እሱም እንደ መጽሐፎቹ።

እትዬ ግን ቀሩ። ደንበኛቸው እየሳሳ፣ ሻዩ ምድጃው ላይ እየጠቆረ፣ ቀሩ። ተራ አስከባሪውም ሥራው አዲሱ መናኸሪያ ቢሆንም በምሳ ሰዓት እየመጣ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር። ቀዩ ቀለም እስኪቀባ ድረስ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቤት የምትረሳ መስሎኝ ነበር።

እና «ለመቀመጫሽ ነው» ብለውኝ ወጣሁ። ተናድጄ በእግሬ አዲሱ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ነፋሱ ደግሞ ያበደ ነው። በአጥሩ ዳር የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረዋል። ዘበኛውን ቦታ እንዴት እንደሚገኝ ጠየቅኩት።

«ተደራጅታችሁ ነዋ። ብቻሽን አይሰጥሽም።»

«ሁለት ሰው ይበቃል?»

«ሁለተኛው ሰው ማን ነው?»

«ሻይ የምታፈላ ሴት ናት።»

«አንቺስ?»

እኔስ? «እኔ አቀርባለሁ» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እንደምፈልገው ያወቅኩት።

ስመለስ እትዬ ከሰል እያራገቡ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ አልተቀመጥኩም፤ እልህ ይዞኝ ነበር። ሲሰሙኝ ቆይተው ሳቁ።

«አንቺ ሻይ ልታቀርቢ? ደንበኛውን ሰድበሽ ልትጨርሺው!»

«የሚሰደብ ደንበኛ ካለ ይሰደባል።»

«በይ ተይኝ። ወንድሜ ሊወስደኝ ነው።»

ወንድማቸው ደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ይህን አልክድም። ነገሩ እትዬ በሰው ቤት ኖረው አያውቁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በራሳቸው እጅ ያልተገኘ እንጀራ አልበሉም። እሳቸውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። አሁን በዚህ ዕድሜያቸው የወንድም ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ የት እንዳለ እየጠየቁ ሊኖሩ ነው።

«እዚያ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው።

«አርፋለሁ።»

«እርስዎ? ማረፍ ያውቁበታል?»

ማራገቢያውን አስቀመጡ። «ጉልበቴ እንቢ ብሏል፣ ልጄ። እዚያ ነፋስ ላይ ከሰል ላቀጣጥል? ደግሞስ እዚያ ማን ያውቀኛል? እዚህ ሰው የሚገባው እኔን ብሎ ነው። እዚያ የሚገባው በርዶት ነው።»

ማራገቢያውን አንስቼ ከሰሉን እኔ ማራገብ ጀመርኩ።

በተከታዮቹ ቀናት እንደገና እንደገና ሞከርኩ። ጉልበትዎ የሚያስቸግር ከሆነ ከሰሉን እኔ አቀጣጥላለሁ አልኩ። በፕላስቲክ ነፋሱን እንከልላለን አልኩ። ተራ አስከባሪው እንዲናገርልኝ አደረግኩ፤ እሱም «እትዬ፣ እዚያ ቢመጡ እኔ ራሴ ፊሽካ ነፍቼ መንገደኛውን ወደ እርስዎ አሰልፋለሁ» አላቸው። ሳቁለት። ከሳቁ በኋላ ግን ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ቀጠሉ። እኔም በመጨረሻ ቁጭ ብዬ መጠቅለል ጀመርኩ።

የሄዱበት ቀን ጠዋት ጭጋግ ነበር። የኔታ እህል አራግፎ ወደ ደብረ ወርቅ የሚመለስ አይሱዙ ይዘው መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙና ቤቱን ተሳለሙት፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ግንባራቸውን ብቻ መቃኑ ላይ አስነኩ። «ብዙ ተማሪዬ እዚህ ጠግቦልኛል» አሉ።

ተራ አስከባሪው ጠረጴዛውን ተሸከመ። እኔ ምድጃውንና ማንቆርቆሪያውን ወሰድኩ። በመጨረሻ ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ብቻ ቀረ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን አንቺ ውሰጂው። የተለቀሰው ለእሱ አይደል?»

ቀልድ ነበር። ቀልድ መሆኑን ድምፃቸው አልነገረኝም፤ ከንፈራቸው ነው የነገረኝ።

አግዳሚውን በአንድ ጫፉ ያዝኩና ተራ አስከባሪውን «ያዝ በዚያ በኩል» አልኩት። አውጥተን መኪናው ላይ ጫንነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ።

«ይዘውት ይሂዱ። በወንድምዎ ቤት የራስዎ መቀመጫ ይኑርዎት።»

የኔታ ሰምተዋል፤ ወደ ሌላ ዞሩ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ተቆጡ፦ «ገመዱን አጥብቁት እንጂ! በመንገድ ልትጥሉት ነው?»

ሊሳፈሩ ሲሉ ቁልፉንና መጥረጊያውን ሰጡኝ። ቤቱን ያከራዩኝ ባለቤት በቀትር መጥተው ይረከቡሻል አሉ። «ጠርገሽ ስጫቸው። ቤቱን አቆሽሻ ለቀቀች እንዳልባል።»

«እሺ።»

አንገቴን ይዘው ሳሙኝ። አይሱዙው ጭሱን ተፍቶ በጭጋጉ ውስጥ ወረደ። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን አንድ ጊዜ ነፋ፣ አውቶቡስ ሲነሳ እንደሚነፋው። ከዚያ «ሥራ አለኝ» ብሎ ሳያየኝ ሄደ።

ገባሁ። ባዶ ቤት ይሰፋል ይላሉ፤ ይሄ ግን ጠበበ። አግዳሚው የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ ሌላ መልክ ነበረው፣ ረጅምና ደማቅ። መጥረጊያውን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

የሚያውቀኝ ሰው እያለፈ «ምን ትጠብቂያለሽ? ተዘግቷል እኮ» ይለኛል። «አውቃለሁ» እላለሁ። በዚህ ዘመን መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ስልክ ይሠራል፣ አይሠራም። እጄ ላይ ያለውን ስልክ እያገላበጥኩ ቀትር ሆነ።

ባለቤቱ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ኮፍያቸውን ወደ ዓይናቸው የሚደፉ። ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«አልጠረግሽም?»

«አልጠረግኩም።»

«እሷ ጠርጋ ታስረክብዎታለች ብላኝ ነበር።»

«እጠርጋለሁ። ሰው መንገድ ላይ ነው።»

ቀና ብለው ግንባሩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አዩ። «ልጄ፣ ነገ ዶዘር ለሚጠርገው ቤት?»

«ዶዘሩ ነገ ነው። እሳቸው ዛሬ ናቸው መንገድ ላይ።»

እሄዳለሁ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን አዩትና «ጠጋ በይ» አሉኝ። ተጠጋሁላቸው። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቤቱን በወጣትነታቸው ከወንድማቸው ጋር ጭቃ ረግጠው እንደሠሩት፣ ወንድማቸው እንደሞተ፣ በሩ መጀመሪያ በሌላ በኩል እንደነበር ነገሩኝ። መናኸሪያው ሲመጣ ነው በሩን ያዞሩት።

ስልኬ የጠራው ጭጋጉ ከተገፈፈ ብዙ ቆይቶ ነው።

«ገባን» አሉ እትዬ። ከኋላቸው የተማሪ ዜማ ይሰማል። «ጠረግሽ?»

«አልጠረግኩም።»

«አግዳሚውን በረንዳ ላይ አድርገውልኛል። ተቀምጬበታለሁ።»

«የቱ ጋ?»

«ጫፉ ላይ።»

«እሺ።»

«በይ አሁን ጥረጊ።»

ተነስቼ ከጓዳው ጥግ ጀመርኩ። የሻይ ቅጠል፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የቁይ ዶሮ ላባ፣ የተቀደደ ቲኬት። ወደ በሩ ሰብስቤ አወጣሁት። ባለቤቱ እግራቸውን አነሱልኝ። በሩን ቆለፍኩ፤ ቁልፉን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መጥረጊያውን ከቀዩ ምልክት ሥር ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ሻሼን አጠበቅኩና በአሮጌው መናኸሪያ አጥር ሥር ወደ አዲሱ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ።